የቀሪቦው ዳስ

አባቴ ሊሰልም ነው ብዬ ያመንኩት ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያመንኩት ስል እንደ ልጅ ጨዋታ አትዩብኝ፤ እህል አልወርድ ብሎኝ ከሲታ ሆኜ ነበር። ዛሬ ይህን ሳወራ ልጆቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። ይሳቁ፣ ምን አለባቸው! ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም ይላሉ አባቶች። እኔ ያን ጊዜ ያቦካሁት ግን ከራትም ያለፈ ነው፤ አባቴን ለመቃብር ሊያበቃው ነበር።

አባቴ አምባቸው የመካነ ሰላም አናጢ ነበር። ዝም ብሎ አናጢ አይደለም፤ ከወግዲም ከከላላም በቅሎ ጭነው በርና አልጋ ሊያሠሩ ይመጡለት ነበር። የሚሠራው ከቤታችን ጎን በቆርቆሮ በከለላት ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ የጋሽ ሙሐመድኑር ልብስ ስፌት ቤት አለች። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው። አንዱ መጋዝ ሲስብ ሌላው መኪና ሲረግጥ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ እየተጯጯሁ ይውላሉ፤ በመሐል የሚያልፍ ሰው ጠብ ይመስለውና ደንግጦ ይቆማል።

አባዬ ጠዋት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያወርድና ሳንቃው ላይ ሊያሰምር ሲል መስመሩ ይወላገድበታል። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ «ብርቄ፣ መድኃኒቴን» ይለኛል። እኔም የሳል ሽሮፕ የነበረባትን ጠርሙስ ይዤ ሁለት ቤት አልፎ አረቄ ወደሚያወጡት ወደ እትዬ ድንቅነሽ እሮጣለሁ። እሳቸው ሞልተው፣ በጨርቅ ወትፈው፣ «እንዳይደፋብሽ እናትዋ» ብለው ይሰጡኛል።

አባዬ አንድ መለኪያ ይቀዳና ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጣል። ሁለተኛውን ይደግማል። ከዚያ ትንሽ ይቆይና እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል፤ ጸጥ ብሏል። እርሳሱን ሲያነሣ መስመሩ ቀጥ ይላል። ከዚህ በላይ መድኃኒት ከየት ይመጣል? የጤና ጣቢያው ኪኒን እንኳ እንዲህ ቶሎ አይሠራም! መድኃኒቱን የማመጣለት ደግሞ እኔ ነኝ። ጎረቤት ልጆች ላይ ስኮራ ብታዩኝ!

ከቀትር በኋላ ደግሞ ጠላ አለ። ማኅበር፣ ዝክር፣ ገበያ ቀን፣ ክርስትና፤ አባዬ የሌለበት ድግስ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይባል ነበር። ይጠጣል፣ ያጠጣል፣ ቀልድ ያወርዳል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሲንገዳገድ ያየው ሰው የለም። ማንንም ተሳድቦ አያውቅም። እማዬን በክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። «አምባቸው እኮ ጠጪ እንጂ ሰካራም አይደለም» ይላሉ ሰዎቹ፣ እማዬም አንገቷን ቀና አድርጋ ትሰማለች።

አሁን አድጌ ሳስበው ሁላችንንም ያዘናጋን ያ ሙገሳ ነው። የወደቀውን ሰው ሰው ያነሣዋል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ማን ልብ ይለዋል? እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዳር ቆመን አብረን እንስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ አባዬ «ሳንቃ ልገዛ ደሴ እሄዳለሁ» ብሎ ከጋሽ ሙሐመድኑር ጋር አውቶቡስ ተሳፈረ። ልብስ ሰፊ ሰው ሳንቃ ሊገዛ ምን ወሰደው ብዬ ትንሽ ተገርሜ ነበር፤ እማዬን ስጠይቃት «ዝም በይ» አለችኝ፤ ዝም አልኩ። አባዬ በዚያው ቀረ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት ሞላ። ሲመጣ ሳንቃ የለም። ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ኮቱ የሰፋበት፣ ዓይኑ ብጫ የሆነ፣ ጋሽ ሙሐመድኑር ክንዱን ይዘው የሚያስኬዱት ሰው ነበር።

ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየውና «ወፍ ነው!» አለ። የሌሊት ወፍ በላዩ በርራበት ነው ማለታቸው ነው፤ ዓይኑ ብጫ የሆነን ሰው ሁሉ እንዲያ ይሉታል። አንዱ ቅጠል አመጣ፤ አንዱ የአጅባሩን መድኃኒተኛ ጠቆመ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ወፏን ስረግም ከረምኩ። አረቄ የሚል ቃል ግን ከአንድም ሰው አፍ አልወጣም። ማን ያውጣው! ሁሉም እኮ ከዚያው ጠርሙስ ነው የሚቀዳው።

እውነቱን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ከእማዬ ነው። አባዬ አንድ ቀን በሥራ ላይ እንዳለ ደም አስታወከው። ከመንገዱ ማዶ አይተው ሮጠው የደረሱት ጋሽ ሙሐመድኑር ናቸው፤ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ በትነው ደሙን ሸፈኑት። ደሴ ያየው ሐኪም ጉበቱ ጠባሳ እንደሆነ ነገረው። «ዛሬውኑ ካቆምክ ትኖራለህ፤ ከጠጣህ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ አታደርሳትም» አለው። አባዬም «እኔ እኮ ሰክሬ አላውቅም» ብሎ መለሰ። ሐኪሙ «ጉበትህ ስካርህን አይደለም የሚቆጥረው» አለው። ጋሽ ሙሐመድኑር እዚያው አልጋው አጠገብ ቆመው ቃል አስገቡት።

እኔ ግን ያኔ ከዚህ ሁሉ አንዲቱንም አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ምን መሰላችሁ? እማዬ የጠላ ጋኖቿን ለእህቷ ሰጠች። አባዬ «መድኃኒቴን» ማለት ተወ። ለሚካኤል ማኅበር «አሞኛል በሏቸው» አለ። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ይታጠብና መንገዱን ተሻግሮ ጋሽ ሙሐመድኑር ዘንድ ይገባል፤ ባለቤታቸው እትዬ ሀጀራ ቀሪቦ ይቀዱለታል። የተቆላ ገብስና ስኳር ያለበት፣ የማያሰክር፣ ጠቆር ያለ፣ አረፋው አፍንጫ የሚነካ፤ ክርስቲያኑም በእንግድነት ይቀምሰዋል፣ ግን የሙስሊም ቤት መጠጥ ነው። አባዬ ደግሞ እየቀመሰ አልነበረም፤ በጆግ ነው የሚጠጣው!

ሩፋይዳ የጋሽ ሙሐመድኑር ልጅ ናት፣ እኩያዬና ጓደኛዬ። አንድ ከሰዓት በስፌት ቤቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ጨርቅ ለአሻንጉሊት እየለቃቀምን ሳለ አባቶቻችን ገቡ። እኛ መኖራችንን አላዩም። እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን።

«ቃልህን እንዳታጥፍ» አሉ ጋሽ ሙሐመድኑር። «አንዴ ገብተህበታል። ወላሂ አምባቸው፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ካልክ አበቃ።»

«አልመለስም አልኩህ። የከበደኝ ሰዉ ነው። ማኅበርተኛውን ምን ልበለው? ስንት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው በምን ዓይኔ ልየው?»

«እስኪለምዱት ከእኔ ጋር ሁን። እኛ ዘንድ የሚያስገድድህ የለም።»

«አስካለ አውቃለች፤ አልቅሳ አልቅሳ እሺ ብላኛለች። ብርቄ ግን እንዳትሰማ። ልጅ ናት፤ ትፈራለች።»

አስካለ እማዬ ናት። ሩፋይዳ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ዓይኗ በደስታ ሊወጣ ነው። እነሱ እንደወጡ «አባትሽ ሊሰልም ነው!» አለችኝ። «ማሻ አላህ! እህትማማች ልንሆን ነው እኮ! ስሙን አሕመዲን ይበሉት፤ አሕመዲን አናጢው፣ አያምርም? አንቺ ደግሞ ሀይፋ ትባያለሽ።»

እውነቱን ልናገር፤ ሀይፋ የሚለው ስም ለአፍታ ማርኮኝ ነበር። ብርቄ ከሚለው ይሻላል ብዬ በልቤ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ከዚያ «እማዬስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሩፋይዳ አሰበች። «እሷማ ካልፈለገች ክርስቲያን ሆና ትቀራለች።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ያልተጋቡበት፣ ያልተዛመዱበት፣ ለቅሶ ያልተቃቀፉበት ቤት የለም፤ ያን አልፈራሁም። የፈራሁት ሥጋውን ነው። ክርስቲያን ክርስቲያን የባረከውን፣ ሙስሊም ሙስሊም የባረከውን ነው የሚበላው። አባዬ ያንን የበላ ቀን ገበታችን ለሁለት ይከፈላል። ፋሲካ ሲመጣ እኔና እማዬ በአንድ በኩል፣ እሱ ብቻውን በሌላ በኩል። አባዬ ደግሞ ከሥጋው ላይ ጮማ ጮማውን እየመረጠ የሚያጎርሰኝ ለእኔ ነው። ማን ሊያጎርሰኝ ነው? እሱንስ ማን ያጎርሰዋል? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ደግሞም አባዬ እየተሻለው አልነበረም። እግሩ ያብጣል፣ ትንሽ ሠርቶ ይቀመጣል፣ እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ታዲያ አይንቀጠቀጥ? መድኃኒቱን ከለከሉት! ጋሽ ሙሐመድኑርን በጣም እወዳቸው ነበር፤ ለገና ቀሚሴን በነጻ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ሰሞን ግን በመንገድ ሳገኛቸው ፊቴን አዞርባቸው ጀመር። እሳቸውም «ምነው የኔ አበባ፣ ተጣላን?» ይላሉ። ሮጬ አልፋቸዋለሁ።

ጥር ገባና የአያ ንጉሡ ወንድም፣ የመለሰ፣ ሠርግ ደረሰ። አያ ንጉሡ የአባዬ የመጠጥ ጓደኛ ነው፤ ደግ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሰው ካላጠጣ እንቅልፍ የማይወስደው። ዳሱን የሠራው አባዬ ነው፤ ደክሞት እንኳ እምቢ አላለም። ዳሶቹ ሁለት ናቸው። ትልቁ ለክርስቲያኑ፣ ሁለተኛው ለሙስሊሙ እንግዳ፤ ለእነሱ የራሳቸው በሬ በራሳቸው ሰው ተባርኮ፣ በራሳቸው ድስት ተሠርቷል። መጠጡም ለብቻ ነው፤ እትዬ ሀጀራ የጠመቁት ቀሪቦ በነጫጭ ጀሪካን ተደርድሯል።

ሙሽሪት ከወግዲ እስክትመጣ ትልቁ ዳስ ውስጥ ጠላ መዞር ጀመረ። አያ ንጉሡ ጣሳውን ይዞ አባዬ ላይ ቆመ።

«በሞቴ!»

«አሞኛል ንጉሡ፤ ተወኝ።»

«አፈር ስሆን! አንድ ጣሳ! የወንድሜን ሠርግ በደረቅ ጉሮሮ ልትረግመው ነው? ምን አደረግንህ አምባቸው? ኮራህብን?»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየ። አባዬ ላብ አጠመቀው፤ እጁን ወደ ጣሳው ሰደደ፣ መለሰ፣ እንደገና ሰደደ። እኔ ከእናቶች መሐል ሆኜ «ጠጣ! ጠጣ!» እያልኩ በልቤ እለምነው ነበር። ይኸኔ ጋሽ ሙሐመድኑር በዳሱ በር ብቅ አሉ።

«ንጉሡ፣ ዛሬ አምባቸውን ለእኛ ስጠን። እንግዳችን በዝቶ አሳላፊ አጣን፤ ያ ከባድ ጀሪካን የሚያነሣ ሰው ጠፋ።»

«ውሰዱት!» አለ አያ ንጉሡ እየሳቀ። «እንዲያውም እዚያው አስልሙት!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባዬም ሳቀ። እማዬ እንኳ ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። በአደባባይ ተናገሩት! አባቴን እንደ በግ ሰጡት!

ተከትዬ ሄጄ በዳሱ ቀዳዳ አየሁ። አባዬ ከጋሽ ሙሐመድኑር አጠገብ ተቀምጦ በሰማያዊ ፕላስቲክ ኩባያ ቀሪቦውን ይጠጣል፤ ሽማግሌዎቹ ያጫውቱታል፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አለ። በዳሱ ጥግ ወጡ እየተጨለፈ ነው። ሥጋው ሊቀርብ ነው። ከበላ አበቃ!

እግዜር የልጅ ጭንቅላት ሲሠራ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፤ መላው በአንድ ጊዜ መጣልኝ። አረቄ የሚጠጣ ሙስሊም የለም። ስለዚህ አባዬ አረቄ ከጠጣ እነሱም አይቀበሉትም። እጁም ይረጋል። ሁለቱንም በአንድ ጠርሙስ! ቤት ሮጬ የሽሮፕ ጠርሙሴን አመጣሁና አያ ንጉሡ አረቄ ወደሚቀዳበት ጓዳ ገባሁ።

«አባዬ መድኃኒቱን ላክልኝ ብሎሃል።»

አያ ንጉሡ ፊቱ በራ። «አላልኩም! ተደብቆ ነው እንጂ! ወፍንስ የሚገለው እሱ አይደል?» ብሎ እስከ አፉ ሞላልኝ። «ማንም እንዳያይሽ፤ ሮጪ የኔ ጀግና።»

ነጠላዬ ሥር ሸጉጬ በዳሱ ጀርባ ባለው ክፍተት በሆዴ ገባሁ። አባዬ ጀሪካን ሊያነሣ ተነሥቷል፤ ሰማያዊው ኩባያ ግማሽ ቀሪቦ ይዞ ከመቀመጫው ሥር ነው። ጠርሙሱን ገለበጥኩበት። ገልብጬ እንደጨረስኩ አባዬ ተመለሰ፤ ጋሽ ሙሐመድኑር ኩባያውን አንሥተው «እንካ፣ ጉሮሮህን አርስ» ብለው ሰጡት።

ወደ አፉ አስጠጋ። ቆመ።

ሽታውን እኔ እዚያ መሬት ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አባዬ ዓይኑ ፈጠጠ። ጋሽ ሙሐመድኑር አፍንጫቸው ተነፋ፤ ኩባያውን አዩ፣ አባዬን አዩ፣ ቀጥሎ ዝቅ ብለው እኔንና ባዶ ጠርሙሴን አዩ። በሙስሊሞቹ ዳስ፣ በሙስሊሞቹ ዕቃ፣ አረቄ! ቢታወቅ እንግዳው ሁሉ ገበታውን ጥሎ ይነሣል፤ ሠርጉ ይፈርሳል፤ የአምባቸው ልጅ ናት ይባላል። እዚያው ቢደፉት ሽታው ዳሱን ይሞላዋል።

ጋሽ ሙሐመድኑር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አምባቸው፣ ያ የኋላው ምሰሶ የዘመመ መሰለኝ። ወጣ በልና እይልኝ እስቲ።»

አባዬ ኩባያውን ይዞ ወጣ። ለምን ከእጁ ላይ አልነጠቁትም? ብዙ ዓመት ይህን ሳብሰለስል ኖሬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «ይሄን ብነጥቀው ሌላ ያገኛል» አሉኝ። «የሚያዛልቀው ራሱ ከተወው ነው።» አልተከተሉትም። ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብለው ጸሎት ሲያደርሱ እንደነበር የነገሩኝ ግን እትዬ ሀጀራ ናቸው።

እኔ ተከተልኩት። ከዳሱ ኋላ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ፍልጥ በተከመረበት ቦታ ቆሟል፤ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዟል። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። በኩባያው አፍ እየተንጠባጠበ ጣቶቹ ላይ ይወርዳል። ወደ አፉ ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል። እኔን ሲያይ እንደ ሌባ ደነገጠ።

«አንቺ ነሽ?»

«ጠጣው አባዬ» አልኩት። «መድኃኒትህ ነው።»

«ማን አለሽ መድኃኒት ነው ብሎ?»

«አንተ። እጅህ ይረጋል። ትድናለህ፣ ሥጋውንም አትበላም፣ ከእኛም አትሄድም።» ማልቀስ ጀመርኩ።

 አባዬ ፍልጡ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀንና እማዬ የሞተች ቀን ብቻ ነው።

«ዋሽቼሽ ነው ልጄ» አለ። «መድኃኒት አይደለም። እጄን ያንቀጠቀጠው እሱ ነው፤ ጠዋት ያንቀጠቅጠኝና ራሱ ደግሞ ያባብለኛል። ወፍ የለም። ሆዴን የበላው ይሄ ነው። ከጠጣሁት እሞታለሁ። ገባሽ?»

«ትሞታለህ?» አልኩ። ራሴን ያዝኩ። «እኔ ነኝ እኮ ሳመጣልህ የነበርኩት!»

«እኔ ነኝ የላክሁሽ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ጋ እንዳትወስጂው።» ኩባያውን ወደ እኔ ዘረጋ። «እንኪ፣ ድፊው።»

«አንተ ድፋው።»

«የእኔ እጅ አይደፋውም» አለ። «እግዚአብሔርን፣ አይታዘዘኝም። አንቺ ድፊው።»

ተቀበልኩት። ሲያቀብለኝ ጣቶቹ ኩባያውን ቶሎ አለቀቁትም፤ አንድ በአንድ ነው የተነሡት። አንድ ድንጋይ ሥር ደፋሁት። አባዬ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ፊቱን ዞር አድርጎ ነበር፤ «አለቀ?» አለ፣ «አለቀ» አልኩት። ከዚያ አፍንጫዬን ጠራርጌ የቀረችኝን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኩ።

«አልሰለምክም እንዴ?»

አባዬ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እንዲህ ሳቀ ልላችሁ አልችልም፤ ሳቁ ሳል ሆኖበት ጋሽ ሙሐመድኑር ደንግጠው ከዳሱ ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው እሳቸውም ምሰሶውን ይዘው ተንከተከቱ። «የኔ አበባ» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄንማ እኛም አንፈልገው! አንዴ ማውራት ከጀመረ ለሶላት የሚያስነሣን ይመስልሻል?» ሰማያዊውን ኩባያ አረቄ ነክቶታልና እዚያው ሰበሩት፤ ሥጋው ሲቀርብ አባዬ እጄን ይዞ ወደ ትልቁ ዳስ መለሰኝ፣ ለእኔም ጮማውን መርጦ አጎረሰኝ። ጠላ ሲመጣ ጋሽ ሙሐመድኑር ከሩቅ «አምባቸው! ጀሪካኑ!» ብለው ይጣራሉ። እስከ ምሽት ሰባት ጊዜ ጠርተውታል፤ ጀሪካኖቹ ያለቁት ቀትር ላይ ነበር።

አባዬ ዳነ። ቀስ እያለ፣ ዓመት ፈጅቶበት፣ ግን ዳነ። አያ ንጉሡ አልዳነም። በአርባ ስድስት ዓመቱ ዓይኑ ብጫ ሆኖ ሞተ፤ ለቅሶው ላይ ሰዉ «ወፍ ገደለው፤ አንድ ቀን እንኳ ሰክሮ የማያውቅ ሰው!» እያለ ያዝን ነበር። አባዬ እዚያ መሐል ተነሥቶ «ወፍ አይደለም» አለ። ሰማው ሁሉም፤ ከዚያ ጠላው መዞሩን ቀጠለ።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ሙሐመድኑር ሞቱ። እማዬ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ አባዬ ያችኑ ቤት ይዞ ብቻውን ነው የሚኖረው። እኔ ከታች ሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ከለቅሶ ቤት ስንመለስ ደግፌው ሄጄ ደጃፉ ላይ አብረን ተቀመጥን። ሰው ሲሞት ሆድ ይከፈታል መሰለኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አፌ ላይ የነበረውን አወጣሁት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ልገድልህ ነበር እኮ።»

«የቱን ቀን?»

«የመለሰ ሠርግ ቀን። ኩባያውን።»

ተገርሞ አየኝ። «አንቺ? አይ ብርቄ! ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ ስትዪ ነበር?» አለኝ። «እኔ ያን ቀን ልጠጣ ቆርጬ ነበር። ለሙሐመድኑር እሺ፣ ለእናትሽ እሺ፣ በሆዴ ግን ጨርሻለሁ። ዳሱን ስሠራ ፍልጡ ሥር አንድ ጠርሙስ ደብቄ ነበር። ኩባያሽን ይዤ የወጣሁት ልደፋው አይደለም፤ ልጠጣው ነው። ከዚያ መጣሽና መድኃኒትህ ነው አልሽኝ። የራሴን ውሸት ካንቺ አፍ ስሰማው አፈርኩ። ያ ነው ያስተወኝ።»

«ጠርሙሱስ?»

«እናትሽ አገኘችው። የአህያችንን ቁስል አጠበችበት።»

ሳቅን። እንባም መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝና እንዲያው ለጨዋታ ያህል «ከዚያ ወዲያስ አምሮህ አያውቅም?» አልኩት።

«ዛሬ ጠዋትም አምሮኛል» አለ።

ዞሬ አየሁት። አይቀልድም።

«ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ላይ። ያቺ ሰዓት አንድ ቀን ዘላኝ አታውቅም። ሙሐመድኑር ሱብሂን፣ የማለዳ ሶላቱን፣ ሰግዶ ወደዚህ ይመጣ ነበር። አልጠጣህም ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ክር መወደድ፣ ስለ ጉልበቱ ያወራልኛል። ሰዓቷ ስታልፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ታሞ እንኳ በምርኩዝ መጥቷል።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ማዶ ያለውን የተዘጋ ስፌት ቤት ያያል። «ነገስ?» አልኩት። 

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል በሩን አንኳኳሁ። ነቅቶ፣ ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «ምነው በማለዳ? ደኅና አይደለሽም?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ። የደብተር ዋጋ ጨመረ፣ እሱን ላወራህ ነው» አልኩት።

አባዬ ለረጅም ጊዜ አየኝና ወንበር ሳበልኝ። ስለ ደብተር አወራሁ፣ ስለ እስክርቢቶ አወራሁ፣ ሁለተኛዋ ልጄ ስላስቸገረችኝ ሒሳብ አወራሁ፤ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ። አሁን ሱቄን የምከፍተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።